ለአባ የተለቀቀ ውሃ

አባቴ የሚተነፍሰው በመብራት ነበር። እንዲህ ስል ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ ወላሂ ቀልድ አይደለም። ሳንባው ከደከመ ወዲህ፣ ጅቡቲ ዋራበሌ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ አልጋው አጠገብ ትንሽ ፍሪጅ የምታህል የኦክስጅን ማሽን ሌት ተቀን ታጉረመርማለች፤ ከእሷ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ አፍንጫው ላይ ተሰክቷል። መብራት ሲጠፋ ማሽኗ ትጮኻለች። እኔ እሮጣለሁ፣ ጓሮ ያለውን ጄኔሬተር አስነሳለሁ፣ ጎረቤቶቼ በጭሱ ይሰድቡኛል፣ እኔም በሶማሊኛ መልሼ እሰድባቸዋለሁ፣ ከዚያ አባ ጋ ተመልሼ ከንፈሩን አያለሁ። ካልጠቆረ አልሃምዱሊላህ ብዬ ቁጭ እላለሁ።

አባ የተወለደው ከሐረር ወዲያ ባለ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ነው። በወጣትነቱ ለንግድ ድሬ ዳዋ ወረደ፤ ከድሬ ደግሞ በባቡሩ ሲመላለስ ጅቡቲ ቀረ። እዚሁ ወለደኝ፣ እናቴንም እዚሁ ቀበረ። አንቱታ አይወድም። "ድሬ ላይ አንቱ የሚባለው የተጠላ ሰው ነው" ይለኝ ነበር፤ ስለዚህ አንተ እንዳልኩት ኖርኩ። ሸለቆው ውስጥ ያለችውን መሬቱን ግን አልሸጣትም። የሟች ወንድሙ ልጅ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃታል፤ እኔ ያየኋት በልጅነቴ ብቻ ነው።

ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ገመድ፣ ሶኬት፣ ብሬከር፣ አምፖል እሸጣለሁ። ሱቁን ያቋቋመው አባ ነው፤ ሱቁንም ንዴቱንም ወረስኩ። ደንበኞቼ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ፊቴን ያያሉ አሉ። ይዩ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ በተከተተበት ሰዓት፣ ምሳውን ላበላው ቤት ብመጣ አባ ማንኪያውን ገፋ አደረገና "እኔ አገሬ መግባት እፈልጋለሁ" አለኝ።

"ኢንሻአላህ" አልኩ።

"ይሄ የመሸኛ ኢንሻአላህ ነው። ደንበኛ ዱቤ ሲጠይቅሽ የምትይውን ነው ያልሽኝ። እውነተኛውን በይኝ።"

ሰውየው ለራሱ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጫማ ሲያልቅበት እንኳ እኔ ነኝ አይቼ የምገዛለት። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ደጅ ተቀምጦ አንድ ክረምት ዝናብ ሲዘንብ ማየት፣ ከዚያ በኋላ አላህ እንደፈቀደ፤ የፈለገው ይህን ብቻ ነው። ሐኪሙን ጠየቅሁት። በፈረንሳይኛ፣ ረጋ ብሎ፣ "ያለ ማሽኑ አይሞከርም፤ እዚያ ከፍታ ነው፣ አየሩ ይሳሳል፤ ለመንገዱ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ትከራያላችሁ፣ ከደረሳችሁ በኋላ ግን መብራት ለደቂቃ መቋረጥ የለበትም" አለኝ። ሸለቆው ደግሞ መብራት የሚባል ነገር ገብቶበት አያውቅም።

ጄኔሬተር እንዳልል፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ለወራት ይዘጋል፤ ናፍጣ ማን ያደርሳል? ሶላር እንዳልል፣ ገደሉ ፀሐይዋን ይጋርዳታል፤ ረፋድ ገብታ ከሰዓት ትወጣለች፣ በክረምት ደግሞ ጉሙ ቀኑን ሙሉ አይገለጥም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? እኔም ውሃ አገባሁ።

ሐሳቡን የሰጠኝ አንድ የሱቄ ደንበኛ ነው። ወደብ ላይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ አፋር ኤሌክትሪሺያን፤ ፈረንሳይኛና ሶማሊኛ ቀላቅለን እናወራለን፣ ሲናደድብኝ ወደ አፋርኛ ይገባል። የብሬከር ካርቶን ቀደደና ጀርባው ላይ ሣለልኝ። ከሸለቆው ወንዝ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ ከምንጩ ሥር ውሃ ይጠለፋል፣ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ከገንዳው በቱቦ ቁልቁል ይለቀቃል፣ ታች ተርባይን ይመታል፣ ተርባይኑ መብራት ይሰጣል፣ ውሃው ደግሞ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይገባል። "ውሃው አይጠፋም ማዳም፣ ሠርቶ ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው" አለኝ። ሁለት ነገር ብቻ ነው ማወቅ ያለብን፤ ውሃው ከምን ያህል ከፍታ እንደሚወርድና ምን ያህል እንደሆነ። ከፍታው አያስቸግርም፣ ገደል ነው። ውሃው ነው ነገሩ።

ካርቶኑን ይዤ አባ ጋ ሄድኩ። አቤት ያን ቀን! ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ አለ፣ መነጽሬን አምጪ አለ፣ "ይሄ ቋጥኝ የታለ? ቋጥኙን ረስቶታል" እያለ የአፋሩን ሥዕል በእርሳስ ሞነጫጨረው። ተርባይኑ የሚቆምበትን ቤት ሳናውቅ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር አድርገነው ነበር። "ጎርፍ ይበላዋል፣ ወደ ላይ አውጡት" ብሎ ተቆጣ። እኔ እኮ ያቺን ዛፍ ከነመኖሯም ረስቻታለሁ። በዚያ ሰሞን ምሳውን ጨርሶ ይበላ ነበር። ማታ ማታ አፋሩ ብቅ ሲል ሁለቱ ሽማግሎች ስለ ቱቦ ውፍረት ይጨቃጨቃሉ፣ አባ ትንፋሽ ሲያጥረው በጣቱ "ቆይ" ይላል፣ አፋሩ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ፣ ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

እዚህ ከተማ የምናበራው መብራት አብዛኛው ከኢትዮጵያ በሽቦ የሚመጣ ነው፤ ከግድብ፣ ከወንዝ። አባ ይህን ሲሰማ ሳቀና "እይ እንግዲህ፣ የአገሬ ውሃ እኔን ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥቷል፤ እኔ ነኝ ወደ እሱ መሄድ ያቃተኝ" አለ። እሱ ይስቃል። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ልኬቱ በበጋ መጨረሻ፣ ውሃው በጣም በሚያንስበት ወር መሆን አለበት አለን አፋሩ። በደረቁ ወር የበቃ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይበቃል። መሬቱን ለሚጠብቀው የአጎቴ ልጅ ስልክ ደወልኩ። ስልኩ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው የምናገኘው። ውሃውን በድንጋይና በጭቃ ገድቦ፣ በቆርቆሮ አሸንዳ ወደ በርሚል እንዲያስገባ፣ በርሚሉ እስኪሞላ በስልኩ ሰዓት እንዲይዝ ነገርኩት። "በደንብ አድርገህ ለካ፤ ብትሳሳት መጥቼ እዚያው በርሚል ውስጥ ነው የምደፍቅህ" አልኩት። "አቦ ተይኝ፣ ውሃ መቅዳት አልችልም እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ውጤቱ ሲመጣ አፋሩ ደጋግሞ አሰላው። በርሚሉ ፈጥኖ ነው የሞላው። "ለዚህ ወር ብዙ ነው። ድጋሚ ይለካ፣ በሌላ ቀን" አለ። ድጋሚ ተለካ። ያው ሆነ፣ እንዲያውም ትንሽ በለጠ። አባ ተኮፈሰ። "አላልኳችሁም? እኔ ልጅ ሆኜ ያ ውሃ በጋ ከክረምት ጉልበት ድረስ ነበር፤ ሰው ማሽላውን በዝናብ ይዘራል፣ ወንዙን የሚነካው ከብት ብቻ ነው" አለ። አፋሩም እጁን ሰጠ፤ ሁለቴ ከተለካ ተለካ ነው። ተርባይኑንና ጥቅልል ጥቁሩን ቱቦ አዘዝን። በመርከብ መጣና ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ አንድ የምናውቀው ነጋዴ መጋዘን ጥግ ላይ አስቀመጥነው። የአጎቴ ልጅ መጥቶ ዕቃውን አጅቦ እንዲወስድ፣ ገንዳው ሲያልቅ አባን ይዤ እንድከተል ተስማማን።

የአጎቴ ልጅ ጅቡቲን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ከባቡር ወርዶ ሱቄ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ውሃ በውሃ ሆኖ ነበር። ቀዝቃዛ ለስላሳ ሰጠሁት፣ አልጠጣውም። ቤት ወሰድኩት። አባን አየው። ቱቦውን፣ ያበጠውን እግሩን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ የሚያርፈውን አጎቱን አየ። አባ እጁን ይዞ "የተርባይኑን ቤት ወደ ላይ አወጣችሁት? ከሾላው ራቀ?" ይለዋል፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ "አዎ አጎቴ፣ አዎ" ይላል። እኔ የመንገድ ድካም መስሎኛል።

ወደ ሱቅ ስንመለስ፣ መዝጊያውን ገና ሳልከፍት፣ "እህቴ፣ ቱቦውን አትላኪው" አለኝ።

"ምን?"

"ውሃው የለም።"

በበጋ ውሃው ሸለቆ ያለው ቤታችን አጠገብ አይደርስም አለኝ። አባ ከሸለቆው ከወጣ በኋላ ሰዉ ሁሉ ጫት ተከለ፤ ጫት ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ከምንጩ ሥር ረጃጅም የአፈር ቦዮች ቆፍረው ውሃውን በተራ ይካፈሉታል፤ ዛሬ የነእገሌ፣ ነገ የነእገሌ። እኛ ቱቦ እንዘረጋበታለን ባልነው ቦታ ሁሉ የሰው ማሳ አለ። ታዲያ በርሚሉን የሞላው ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ልጁ የኔን ስልክ ከሰማ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄዶ "አጎቴ ሊመጣ ውሃ ያስለካል" አላቸው። እነሱም ተሰብስበው መከሩ። በልኬቱ ቀን ሁሉም ቦዩን ዘጋ፤ ውሃው በሙሉ ወደ ታች ተለቀቀ። ሁለተኛው ልኬት ሲመጣም ድጋሚ ዘጉ።

ደሜ ፈላ። "አንተ ቀጣፊ! ሰው ገደልክ እኮ! ሁለቴ? ሁለቴ ዋሸኸኝ?" እያልኩ ጮኽኩ፤ መንገደኛው ቆሞ ያየናል። "ያ ሁሉ ሽማግሌ ተሰብስቦ አንድ እንኳ ይሄ ልኬት ነው የሚል ጠፋ?"

"እህቴ፣ አፈር ልብላልሽ፣ ስሚኝ" አለ። ዓይኑ ሞልቷል። "እንግዳ ሲመጣብሽ ያለሽን ምርጥ አልጋ ልብስ አውጥተሽ አታነጥፊም? ለዘወትር በማትበይበት ሳህን አታቀርቢለትም? አጎቴ ከስንት ዘመን በኋላ ስለ አገሩ ጠየቀ። ውሃችን አንሷል ብለን እንላክበት? ተስፋ ቆርጦ ሳያየን ይሙት? ሰዉ ያለው ይሄንን ነው። ለልኬት መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን ልኬት እንደ ሰላምታ መሰላቸው። እኔም ስትደውይ አፌ አልታዘዝልኝ አለ። ዛሬ ሳየው ነው…" ብሎ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

ቢሰድቡት አይሰደብ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ ቀረ ልፋታችን። ሱቁን ከፈትኩና ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ውሃ ጫት ላይ ይፈሳል፣ ጫቱ ተቀንጥሶ በየቀኑ እዚህ ይመጣል፣ በቀትር መላው ጅቡቲ ጉንጩን ወጥሮ ያኝከዋል። የአባቴን ትንፋሽ ነው የሚያኝኩት አልኩ በልቤ። ሰፈሩ ሁሉ አስጠላኝ።

ማታ ለአባ ነገርነው። መደበቁ ይብቃ ብዬ እኔ ነኝ የግድ ያልኩት። ልጁ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ "አጎቴ ይቅር በለኝ" አለና ሁሉንም ዘረገፈው። አባ ግንባሩን ቋጥሮ ሰማ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

"እነማን ናቸው የዘጉት?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም? ያ ድንበሬን የገፋብኝ፣ ሸሪዓ የተካሰስነውስ?"

"እሱ ነው አጎቴ መጀመሪያ የዘጋው።"

አባ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ወደ እንባ። "በበጋ!" አለ። "ጫቱ እየጠወለገበት! ለኔ!" ደጋግሞ ይላታል፣ "ለኔ! ለኔ!" እያለ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ሲድረኝ እንኳ እንዲያ አልሆነም። እኔ ደግሞ በደስታው ተናደድኩ። የምን ደስታ ነው? መንገዱ እኮ ነው የተዘጋው።

ያን ጊዜ ልጁ ቀና ብሎ "አጎቴ፣ ሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥተውኛል። እውነቱን ብትናገርና ቢከፋው፣ ይምጣ በለው፣ በሕይወት እስካለ ውሃው የሱ ነው ብለዋል" አለ።

እልል ልል ነበር። ይኸው! መፍትሔው እጃችን ላይ ነው! አባን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል።

"እስካለሁ? አልሞትም ብልስ?" አለ ፈገግ ብሎ። ከዚያ "አይሆንም" አለ።

"እንዴ አባ! ፈቅደው እኮ ነው!"

"የፈቀዱት ስለሚወዱኝ ነው። የወደደሽን ሰው አትዘርፊም። እኔ ልተንፍስ ብዬ የስንት ሰው ጫት ላድርቅ? ልጆቻቸውን የሚያበሉት እኮ በሱ ነው።"

"እና እዚህ ታፍነህ ሙት?" አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ከአፌ ወጣ። ልጁ ፊቱን አዞረ። አባ ግን እኔን ያውቀኛል። እጄን ስቦ አልጋው ላይ አስቀመጠኝና፣ ትንፋሹን ጠብቆ ጠብቆ፣ "ቱቦውን ለነሱ ስጪያቸው" አለኝ። "የአፈር ቦይ ግማሹን ውሃ ራሱ ነው የሚጠጣው። በቱቦ ቢወስዱት ለሁሉም ይደርሳል።" በማግስቱ አፋሩን ጠራሁት። እሱም ካርቶን ቀደደ፣ ሣለ፣ አሰበ። ቱቦው በቦዩ ቦታ ከተዘረጋ፣ መሬት የሚጠጣው ውሃ ይቀራል፤ ሁሉም ማሳውን አጠጥቶ ገንዳው ሞልቶ የሚፈስ ትርፍ ከተገኘ፣ ያ ትርፍ ለተርባይኑ ይሆናል። ለአንዲት የኦክስጅን ማሽን ብዙ ውሃ አያስፈልግም። "ሊሆን ይችላል" አለ። ተዘርግቶ ካልታየ ግን አይታወቅም።

አባ ያቺን "ሊሆን ይችላል" ይዞ ከረመ። እኔም ከእሱ ጋር።

ልጁ ቱቦውን አስጭኖ ሄደ። ተርባይኑ መጋዘኑ ውስጥ ቀረ። የሸለቆው ሰው ሁሉ ወጥቶ ይቆፍር ጀመር። ዓርብ ዓርብ ስልክ ሲመጣ አባ ድምፁን ከፍ አድርገን እንድንሰጠው ይፈልጋል፤ ቋጥኙን በግራ ዙሩት፣ እዚያ ጋ ከሥሩ ለስላሳ ነው ይላል። ያ የድንበር ባላጋራው አንድ ቀን ስልኩን ተቀብሎ ሰላም አለው። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ "ደህና ነህ? ደህና ነህ?" ከመባባል ሌላ ምንም አላወሩም።

ከዚያ ኻምሲኑ መጣ። ይህን ንፋስ ጅቡቲ ያልኖረ አያውቀውም፤ አቧራና እሳት ነው። በሩን ብንዘጋ ሙቀት፣ ብንከፍት አቧራ። ኤሲው ይሠራል፣ መብራት ይሄዳል፣ እኔ እሮጣለሁ። ሐኪሙ መጥቶ የማሽኗን ቁልፍ እስከ ጫፍ አዞረውና "ከዚህ በላይ የላትም" አለ። አባ ማውራቱን ተወ፤ በዓይኑ ነው የሚናገረው። ዓርብ ሲደርስ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። "ገና እየቆፈሩ ነው፤ ትንሽ ነው የቀራቸው" እለዋለሁ። ያ ረቢ፣ ትንሽ ጨምርለት እላለሁ በየሶላቱ። ሌላ ምንም አልለመንኩም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱብሂ ሰግጄ ሻዩን ላፈላለት ስል ገባሁ። መብራት ነበረ። ማሽኗም ታጉረመርማለች፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ ነው፣ አየሩ ይነፍሳል። እሱ ብቻ አይተነፍስም። "አባ?" አልኩት። "አባ?" ትከሻውን ያዝኩት። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዓይኑን ከደንኩለት፣ ቱቦውን አወለቅሁ፣ አፍንጫው ሥር የቆየ ምልክት ትቶበታል። ማሽኗን አጠፋኋት። ቤቱ ዝም ሲል ነው ጩኸቴን የሰማሁት።

ቀድመው የደረሱት እነዚያ በጭሱ የሚሰድቡኝ ጎረቤቶች ናቸው። ነጭ አንሶላ ይዘው መጡ፣ ውሃ ቀዱ፣ ወንበር ደረደሩ። ሴቶቹ እኔን ያዙኝ። የድሬና የሐረር ሰዎችም ተሰበሰቡ። አጣቢዎቹ እስኪመጡ ሽማግሎቹ ስለ ሸለቆው ተማከሩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሐረር ያሉት ዘመዶች ነገ ማልደው ሸለቆው ድረስ ወርደው፣ ሰው ሰብስበው ይንገሩ ተባለ። "አንቺ እንዳትደውይ" ብለው አስጠነቀቁኝ። እሺ አልኩ። የመደወል አቅምም አልነበረኝም።

ስልኬ ጠራ። የአጎቴ ልጅ ነው። ማክሰኞ ደውሎ አያውቅም። ሴቶቹ አትንኪው አሉኝ። አነሳሁት።

"እህቴ! እንዴት አደራችሁ?"

"ደህና" አልኩት።

"ተረፈ! ወላሂ ተረፈ! ትናንት ማታ ጨረስን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሁሉም አጠጣ፣ ይኸው ኮረብታው ላይ የሠራነው ገንዳ ሞልቶ በጎኑ ይፈሳል! ዓርብን መጠበቅ አቃተኝ። ሰዉ ሁሉ እዚሁ ነው። ተርባይኑን ይዛችሁ ኑ፣ አጎቴን ይዘሽው ነይ!" ከኋላው ሰዎች ይስቃሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ። "ነቅቷል? ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት፤ እኔ ስልኬን ወደ ውሃው አስጠጋለሁ። ይስማው።"

በዚያ ሱቅ በር ላይ ቀጣፊ ብዬ የጮኽኩበት ልጅ ነው። አባትህ የሆነ ያህል የምትወደው ሰው ሞቷል በለው አለኝ አንዱ ልቤ። አፌ አልታዘዝልኝ አለ።

"ቆይ፣ ልውሰድለት" አልኩት።

ገባሁ። ማንም አልከለከለኝም። አባ በአንሶላው እንደተሸፈነ ነው። ከፊቱ ላይ ገለጥ አደረግሁለትና ስልኩን ጆሮው ሥር ያዝኩለት። ውሃው ሲፈስ ይሰማል፤ ብዙ ነው፣ ድንጋይ እየመታ ነው የሚወርደው። እዚያው ተንበርክኬ ከእሱ ጋር ሰማሁት።

"ሰማ?" አለ ልጁ።

"ሰማ።"

"ምን አለ?"

አባን አየሁት። ምን እንደሚል አውቀዋለሁ።

"ሁሉም አጠጥተዋል ወይ? አለ" አልኩት።

"አዎ በይው! አንድም የቀረ የለም፣ ሁሉም አጠጥተዋል በይው!"

ነገርኩት።